ያገረሸ የአእምሮ ሕመምና «መድኃኒቱ እምቢ አለ» የሚለው ቃል

ሰው በሥጋው ሲታመም ዘመድ ወዳጅ አልጋው አጠገብ ይሰበሰባል፤ በአእምሮው ሲታመም ግን ብዙ ጊዜ ደጁ ይዘጋል፥ ስሙም በሹክሹክታ ይነሣል። ይህ ልማድ በሽተኛውንም ቤተ ሰቡንም የሚጎዳ ስለ ሆነ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ የተናገሩት ቃል ለዚህ ሕመም ከሌላው ሁሉ ይልቅ የተገባ ነው። ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንነጋገረው ከዚሁ ሕመም ውስጥ እጅግ ስለሚያስጨንቀው ሰዓት ነው። ይኸውም ለዓመታት ጤና ሰጥቶ የቆየው መድኃኒት ሕመሙ ካገረሸ በኋላ ኃይል ያጣ መስሎ የሚታይበት ሰዓት ነው።

ሐኪሞች ባይፖላር ብለው የሚጠሩት ሕመም ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው ፊቱ ሰውየው እንቅልፍ ሳይሻው ሌሊቱን ያነጋል፤ ንግግሩ ይፈጥናል፤ አሳቡ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል፤ ገንዘቡን ይበትናል፤ ራሱን ከሰው ሁሉ በላይ አድርጎ ያያል፤ የተቃወመውንም ይቆጣል። ይህን ማንያ ይሉታል። በሁለተኛው ፊቱ ደግሞ ድባቴ ይወርድበታል፤ ከአልጋው መነሣት ይከብደዋል፤ እህል ይዘጋዋል፤ ትናንት ይወደው የነበረው ሁሉ ዛሬ ከንቱ ይመስለዋል፤ ሞቱንም እስከ መመኘት ይደርሳል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ግን እንደ ማንኛውም ሰው የሚያርስ፥ የሚነግድ፥ ልጆቹን የሚያሳድግ ጤነኛ ሰው ነው። ስለዚህ ይህን ሕመም በአንድ ጊዜ ታክሞ የሚጠፋ ሳይሆን፥ እንደ ስኳር በሽታና እንደ ደም ብዛት ዕድሜ ልክ እየተጠበቀ የሚኖር አድርጎ መቀበል የማስተዋል መጀመሪያ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልን በሮቤ ዙሪያ ስንዴና ገብስ የሚያርስ አንድ ቤተ ሰብ በአሳባችን እናቁም። የቤቱ ታላቅ ልጅ ከብዙ ዓመት በፊት ታሞ ወደ ጎባ ተወስዶ ታክሞ ዳነ እንበል። አራት ዓመት ያህል መድኃኒቱን ሲውጥ ጤነኛ ሆኖ ኖረ፤ ከዚያም «እንግዲህ ድኛለሁ» ብሎ ተወው። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ሕመሙ ተመለሰ። የቀድሞውን እንክብል እንደገና ቢጀምርም ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣ። በዚህ ጊዜ አባት «መድኃኒቱ ሰውነቱን ለምዶት ኃይሉ አልቋል» ይላሉ፤ እናት «እንግዲያው ይቅርበት፥ ለፈጣሪ እንተወው» ይላሉ፤ አጎት ደግሞ «በሬ ሸጠን አዲስ አበባ እናድርሰው» ይላሉ። የሦስቱም ቃል ከፍቅር የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን ሦስቱም ከመጠየቅ በፊት ፈርደዋል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ማገርሸት የዚህ ሕመም ጠባይ መሆኑ ነው። በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ የአእምሮ ሐኪሞቻችን ከ68,000 በላይ ሰዎችን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መርምረው፥ ባይፖላር ያለባቸውን ከ300 በላይ ሰዎች ለዓመታት ተከታትለዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 በታተመው ውጤት ከታማሚዎቹ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በክትትሉ ጊዜ ሕመሙ አገርሽቶባቸው ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ልጃቸው ያገረሸበት ቤተ ሰብ ብቻውን የተቀጣ ወይም የተረገመ አይደለም፤ የብዙዎች መንገድ ላይ የቆመ ነው። ማገርሸቱም የመድኃኒቱን ከንቱነት ወይም የበሽተኛውን ጥፋት አያስረዳም።

«መድኃኒቱ እምቢ አለ» ከመባሉ በፊት ከሐኪም ጋር ተቀምጦ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። በየተራቸው እናቀርባቸዋለን።

አንደኛው ጥያቄ፥ መድኃኒቱ በእውነት ተውጧልን? የሚል ነው። ይህን መጠየቅ በሽተኛውን መክሰስ አይደለም። መድኃኒቱ ያወፍረዋል፥ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፥ ያፈዝዘዋል፤ ወይም መድኃኒት ቤቱ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ወይም ከገጠር ወደ ከተማ መውረጃ ገንዘብ አይኖረውም። ማንያ በጀመረው ጊዜም «እኔ ደኅና ነኝ» ማለት የሕመሙ አንዱ ምልክት ነው። ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን «ወንድማችን፥ በወር ውስጥ ስንት ቀን ያመለጠህ ይመስልሃል?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ይገባል። የመርሳት ችግር ላለበት ሰው በየጥቂት ሳምንቱ የሚወጉ፥ ቀስ እያሉ የሚሠሩ መርፌዎች ስላሉ እነርሱ ይስማሙት እንደ ሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ መጠኑ በቂ ነውን? የሚል ነው። በዚህ ላይ የሊትየምን ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ሊትየም ከድንጋይና ከጨዋማ ውኃ የሚገኝ ቀላል ማዕድን ሲሆን፥ በ1949 ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ማንያን እንደሚያበርድ ጽፎ አሳወቀ። ከርሱም ቀጥሎ የዴንማርክ ሐኪም ሞገንስ ሹ በ1950ዎቹ በሥርዓት መርምሮ አጸናው። እስከ ዛሬም ማገርሸትን በመከላከልና ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስ ከሁሉ የላቀ ምስክርነት ያለው እርሱ ነው። ነገር ግን የሚጠቅመውና የሚመርዘው መጠን እጅግ የተቀራረበ ነው። በደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል መካከል መቆየት አለበት። ከዚያ ሲያንስ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሲበዛ ትውከት፥ ተቅማጥ፥ ብርቱ መንቀጥቀጥ፥ መንገዳገድና የምላስ መተሳሰር ያመጣል። ደሙ የሚመረመረው ከመጨረሻው እንክብል 12 ሰዓት በኋላ ነው። ይህን ምርመራ በየስፍራው ማግኘት ስለማይቻል በአገራችን ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሶዲየም ቫልፕሮኤትን ወይም ካርባማዘፒንን፥ ከነርሱም ጋር ሃሎፔሪዶልን፥ ክሎርፕሮማዚንን፥ ሪስፔሪዶንን ወይም ኦላንዛፒንን ያዝዛሉ። በነዚህም ቢሆን በጤና ዘመን የበቃው ትንሽ መጠን በሕመም ዘመን ላይበቃ ይችላል።

የባሌ ደጋ ሰው ሊትየም የሚወስድ ቢሆን ስለ አገሩ ጠባይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርድ ሰው፥ በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ሐሩር ይገባል። ላብ ሲበዛና ውኃ ሲያንስ ሊትየም በደም ውስጥ ይከማቻል። ጨው በድንገት መተው፥ ተቅማጥና ትውከት፥ ደግሞም ለወገብና ለራስ ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይህንኑ ያደርጋሉ። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ሊጾም የሚያስብ ሕመምተኛ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ የሁለቱም ሃይማኖት ሥርዓት ለታመመ ሰው ምሕረት የሚያደርግ መሆኑን ሼኮቹና ካህናቱ ራሳቸው ይነግሩታል።

ሦስተኛው ጥያቄ፥ ጊዜው ደርሷልን? የሚል ነው። የራስ ምታት ክኒን በአንድ ሰዓት ይሠራልና ሰው ይህንንም እንደዚያ ይጠብቀዋል። የማንያ መድኃኒት ግን ሙሉ ሥራውን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ድባቴን ለማንሣት ከዚያም የበለጠ ይቆያል፤ ማገርሸትን መከላከሉ ደግሞ የሚታወቀው በወራትና በዓመታት ነው። ስለዚህ ከላይ ያነሣነው ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ሆኖ «አልሠራም» ማለት ዘሩ ሳይበቅል እርሻውን መልሶ እንደ መገልበጥ ነው። እስከዚያው ድረስ ግን እንቅልፍ የሚሰጥና የሚያረጋጋ ተጨማሪ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ሊሰጠው ይችላልና ቤተ ሰቡ ዝም ብሎ መሰቃየት የለበትም።

አራተኛው ጥያቄ፥ መድኃኒቱን የሚዋጋ ነገር በቤት ውስጥ አለን? የሚል ነው። ጫት አእምሮን የሚያነቃና እንቅልፍን የሚያባርር ቅጠል ነው፤ ጤነኛውን ሲያተጋ ይህን በሽተኛ ግን ወደ ማንያ ሊገፋው ይችላል። አረቄና ጠጅም ድባቴውን ያከብዳሉ፥ ከመድኃኒቱም ጋር አይስማሙም። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የማይታሰበው እንቅልፍ ማጣት ነው። በባሌ እህል በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰበሰብበት ስፍራ ብዙ ስለ ሆነ ማሳ ለመጠበቅና ምርት ለማግባት ሌሊት የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ሠርግና ለቅሶም እንዲሁ ሌሊት ያሳድራሉ። ባይፖላር ያለበት ሰው በቀን ይሥራ፥ የሌሊቱን ጥበቃ ግን ሌላ ይተካለት። ይህ ስንፍና ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

አምስተኛው ጥያቄ፥ ሌላ በሽታ ወይም ሌላ መድኃኒት ገብቶበታልን? የሚል ነው። የባሌን ደጋ በተለይ የሚመለከተው የእንቅርት ነገር ነው። በደጋ አገር ዝናብ አዮዲንን ከአፈሩ ስለሚያጥበው ሰውም ከእህሉ ያጣዋል። በ2015 በታተመ ጥናት በጎባ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል እንቅርት የብዙዎች ችግር ሆኖ ተገኝቷል። የአንገት ዕጢ ሥራው ሲደክም ሰውነት ይቀዘቅዛል፥ አሳብ ይዘገያል፥ ድባቴ ይጸናል፤ የስሜት መድኃኒትም በሚገባ አይሠራም። ሊትየም ራሱ ይህን ዕጢ ያደክማል። እንግዲህ ከድባቴው የማይነሣውን ሰው «መድኃኒቱ እምቢ አለው» ከማለት በፊት የዚህን ዕጢ የደም ምርመራ መጠየቅ ብልህነት ነው። የድካሙ ምክንያት ተገኝቶ ሲታከም የቀድሞው መድኃኒት ኃይሉን መልሶ ሊያገኝ ይችላልና። ለቤቱ ሁሉ ደግሞ አዮዲን ያለበት ጨው መግዛት ይገባል።

ከመድኃኒትም በኩል እንዲሁ። ካርባማዘፒን ጉበትን እያነቃቃ ራሱን ቶሎ ከሰውነት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የበቃው መጠን ከሳምንታት በኋላ ሊያንስ ይችላል። ከርሱ ጋር የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶንም ይደክማሉ፤ የወሊድ መከላከያ እንክብልም እምነት ይጎድለዋል። ሪፋምፒሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይህንኑ ያደርጋል። ለድባቴ የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ ስሜትን የሚያረጋጋ ሌላ መድኃኒት ሳይኖር ብቻውን ሲወሰድ ሰውየውን ወደ ማንያ ሊያሻግረው ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ በቤት ውስጥ ያለውን እንክብል ሁሉ፥ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፥ በአንድ ከረጢት ይዞ መሄድ መልካም ነው።

እነዚህ ሁሉ ተመርምረው ሕመሙ ባይበርድስ? ያን ጊዜም መንገዱ አልተዘጋም። ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፤ ወይም ሁለተኛ መድኃኒት ያክላል፤ ወይም በሌላ ይተካዋል። በ2010 የታተመ በብዙ አገሮች የተደረገ አንድ ጥናት 330 ሰዎችን ሁለት ዓመት ያህል ተከታትሎ፥ ሊትየምና ቫልፕሮኤት አንድ ላይ የወሰዱት ቫልፕሮኤትን ብቻውን ከወሰዱት ይልቅ ከማገርሸት እንደ ተጠበቁ አሳይቷል። ብዙ መድኃኒት ተሞክሮ ላልበረደለትም የደም ምርመራ የሚያስፈልገው ክሎዛፒን አለ። ስሙ ብዙውን ሰው የሚያስፈራው የኤሌክትሪክ ሕክምናም በማደንዘዣ በሥርዓት ሲሰጥ፥ እህል ውኃ የተወውን ወይም ለሞት የቀረበውን በሽተኛ ከሚያድኑት መካከል አንዱ ነው።

ስለ ሴቶች ልዩ ቃል አለን። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ከ10 ሕፃናት አንዱን ያህል በአካል ጉዳት ይነካል፤ የብዙዎቹንም የአእምሮ ዕድገት ያዘገያል። ስለዚህ ለመውለድ በሚችል ዕድሜ ያለች ሴት ሌላ መድኃኒት ይገኝላት እንደ ሆነ አስቀድማ ትጠይቅ። ማርገዟን ባወቀች ጊዜ ግን በራስዋ አሳብ በድንገት አታቁም፤ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትሂድ። ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ይህ ሕመም እጅግ የሚያገረሽባቸው ናቸውና ባልዋና እናትዋ እንቅልፍዋን ይጠብቁላት።

«አንድ ጊዜ ያቆመ ሰው የቀድሞው መድኃኒት ፈጽሞ አይመለስለትም» የሚል ፍርሃትም አለ። በ1990ዎቹ ሊትየምን ካቆሙ በኋላ እንደ ቀድሞው ያልሠራላቸው ሰዎች መኖራቸውን አንዳንድ ሐኪሞች ጽፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲመረመሩ ይህ ለሁሉ የሚሆን ሕግ ሆኖ አልተገኘም፤ ብዙዎች እንደገና ሲጀምሩ ይሠራላቸዋል። እርግጥ የሆነው ነገር ሌላ ነው። ሊትየምን በድንገት መተው ሕመሙን ፈጥኖ ይጠራዋል፤ ማገርሸቱ ሲደጋገምም ሕክምናው እየከበደ ይሄዳል። መቆም ካለበት በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቁም።

የመንገዱንም ነገር እናንሣ። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930ዎቹ ጣልያኖች ካቋቋሙት ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበረና «የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ነው» የሚል አሳብ በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሰዷል። ነገር ግን በአማኑኤል ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሠልጥነው ወደ ክፍላተ ሀገር ተልከዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2003 ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞች ይማራሉ። ስለዚህ በሬ ሸጦ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ከመጓዝ በፊት በመጀመሪያ በአቅራቢያ ያለውን ጤና ጣቢያ፥ ቀጥሎም የጎባን ሪፈራል ሆስፒታል መጠየቅ ይገባል። ሩቅ መሄድ ካስፈለገ ደብዳቤውን የሚጽፉት እነርሱ ናቸው። በሬው የሚያርሰው መሬት ለሚቀጥለው ዓመት መድኃኒት መግዣ ነውና።

ከዚህ በኋላ የቤተ ሰብ ሥራ ይመጣል። አንድ ደብተር ይኑር፤ በርሱም ላይ በየቀኑ የእንቅልፉ ሰዓት፥ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፥ የስሜቱም ሁኔታ በአንድ መስመር ይጻፍ። ሐኪሙ ከብዙ ቃል ይልቅ ከዚህ ደብተር ይማራል። በጤናው ጊዜ ከራሱ ከሕመምተኛው ጋር ተቀምጦ «ሲጀምርህ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ምንድን ነው? ያን ጊዜ ማንን እንድንጠራልህ ትወዳለህ? ገንዘብህንስ ማን ይያዝልህ?» ብሎ መስማማት ክርክርን ይቀንሳል፥ ክብሩንም ይጠብቃል። መድኃኒቱ ከማለቁ ከሳምንት በፊት ይገዛ።

በሰንሰለት ማሰር ግን ሕክምና አይደለም፤ ገላን ያቆስላል፥ ልብን ይሰብራል፥ በኋላም በሽተኛው ከቤተ ሰቡ እንዲሸሽ ያደርጋል። ጠበል የሚወስዱም ሆኑ ዱዓ የሚያስደርጉ ሰዎች እምነታቸውን ከመድኃኒቱ ጋር አያጣሉ። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤድስ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል መክረው ነበር፤ ምክሩ ለዚህም የሚስማማ ነው። ሊትየም የሚወስድ ሰው ግን ከጠበል በኋላ ብዙ ካስመለሰው ለሐኪሙ ሳይዘገይ ያሳውቅ።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደውን እንናገራለን። መድኃኒቱ ያልሠራለት የመሰለው ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ተስፋ የቆረጠ ሰውም ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። «መሞትን አስበሃልን?» ብሎ በግልጥ መጠየቅ አሳቡን አያስገባበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። የሰብል ፀረ ተባይ መርዝ፥ የጦር መሣሪያና የተከማቸ እንክብል ከቤት ይወገዱ ወይም ይቈለፍባቸው፤ እርሱም ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ መድኃኒት ሐኪም የሚሰጠው አንድ እጅ ነው፤ ሁለተኛው እጅ እንቅልፍን የሚጠብቅ፥ እንክብሉን የሚያስታውስ፥ ሲያገረሽም የማይፈርድ ቤተ ሰብ ነው። አንዱ መድኃኒት ባይስማማ ሌላው እስኪገኝ ድረስ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። እነዚያን ወራት ከታመመው ወንድም ወይም እኅት ጋር በትዕግሥት መቆም ከዘመድ የሚጠበቅ ዕዳ ነው እንላለን።